ያለ ንፋስ የሚቀዘቅዝ ቤት

አሰግድ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በወረደ ቁጥር ልብሱን በየመንገዱ ያወልቃል። ካፖርቱ ደብረ ሲና ላይ ይወልቅና ጭኑ ላይ ይታጠፋል። ሹራቡ አርማንያ ላይ ይከተላል። የሮቢ ወንዝን ድልድይ ሲያይ ደግሞ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ይፈታል፤ ያኔ አገሩ እንደ ገባ ያውቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ያወልቃል፣ ያጥፋል፣ በነጠላው ጫፍ ግንባሩን ይጠርጋል። መስኮት የሚከፍት ግን የለም። እሱም አይከፍትም።

ከላይ ደጋው ላይ ሰው እሳት ጥግ ተኮራምቶ ሲቀመጥ፣ ከታች ቆላው ውስጥ ሰው ጥላ ፍለጋ ይንከራተታል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው። ፀሐይዋም ያችው አንዷ ናት፤ ላይኛውን ሳታሞቅ ታልፍና ታችኛውን ታነድደዋለች። ይህ ነገር አሰግድን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲከነክነው ኖሯል። ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ የዚህ አንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

የተወለደው ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ አባቱ ይሠራበት በነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ቤታቸው ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ቆርቆሮው «ቋ! ቋ!» እያለ ይለጠጣል፤ ያኔ እናቱ «በሉ፣ መጥበሻው ጋለ» ትልና ልጆቿን እየነዳች ደጃፉ ላይ ወዳለው ቁርቁራ ሥር ትወጣለች። አሰግድ ፊደል የቆጠረውም፣ የሒሳብ ቤት ሥራውን የሠራውም ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። ጥላው ሲዞር ደብተሩን ይዞ አብሮ ይዞራል። ስለ ፀሐይ አካሄድ መጀመሪያ የተማረው እንደዚያ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መካኒካል ምህንድስና ሲያጠና መምህራኑ በስሌት ያስረዱት ነገር ለእሱ የድሮ ወዳጅ ወሬ ያህል ነበር።

ከተመረቀ በኋላ እንጀራው የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መንደፍ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ሆቴሉም ባንኩም ፊቱን በመስታወት ለብሶ ይቆማል፤ ፀሐይ ትገባበትና ይግላል፤ ከዚያ አሰግድ ይጠራል። «ሰው መጀመሪያ ምድጃ ይሠራል፤ ቀጥሎ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ቢሮ ይከፍታል፤ ከዚያ ሞቀኝ ብሎ እኔን ይጠራኛል» ይላት ነበር ለባለቤቱ። እሷም «አይጥሩህና ምን እንበላ?» ትለው ነበር። ሁለቱም ይስቃሉ። ባለቤቱ ካረፈች በኋላ ያንን ቀልድ የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው መሰል ሥራው ጣዕሙ ጠፋበት። ጡረታ ወጣ። ሌላው ሰው በስተርጅና ወደ ቀዝቃዛ አገር ይወጣል፤ አሰግድ ግን ወደ እናቱ ግቢ፣ ወደ ወበቁ ወረደ። ቆርቆሮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ቁርቁራው አለ።

እጁን ግን አላሳረፈም። ደብረ ሲና ላይ ለአንድ የተማሪዎች ማደሪያ በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ነድፎ ነበር። ጣሪያው ላይ ጥቁር ቱቦዎች ዘረጋ፤ ቀን ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን መሳይ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ማታ ብርዱ ሲበረታ በወለሉ ሥር እየዞረ ልጆቹን ያሞቃቸዋል። አሰግድ ያንን ሥራ እንደ ልጁ ይወደው ነበር። ቀንን ለሌሊት ማስቀመጥ ይለዋል። ወረቀት በዘረጋ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሰፍረው ግድግዳውንና በሩን አልነበረም፤ ፀሐይዋ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ከባጃጅ ወርዳ ቁርቁራው ሥር መጣች። ጸደንያ ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች አዋላጅ ናት። ፊቷ በሙቀቱ ቀልቷል።

«ጋሽ አሰግድ እርስዎ ኖት? ፀሐይን ያቀዘቅዛሉ ብለውኝ ነው።»

«ፀሐይን ማን ያቀዘቅዛል ልጄ። ቤት ነው የማቀዘቅዘው። ቁጭ በይ።»

«እንግዲያው ቤቴን ይዩልኝ።» ሳትቀመጥ ቀጠለች። «ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለን። ከሩቅ ቀበሌ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እንዲቆዩበት ነው የተሠራው። አልጋ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ማብሰያ አለ። ሴቶቹ ግን አይቆዩም። ይመጣሉ፣ ይጠበሳሉ፣ ጓዛቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። ከዚያ ምጡ በረሃው መሀል ይይዛቸዋል።»

አሰግድ መቀመጫ ገፋላት።

«ሩቅያ የምትባል ልጅ አለች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመጀመሪያ ልጇን ቃሬዛ ላይ ነው የወለደችው፤ አስፋልቱ ጋ ሳትደርስ። ሕፃኑ አልተረፈም፤ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። አሁን ደግሞ አርግዛለች። ሰኔ ሲጠባ ትወልዳለች። ይህቺ ልጅ ምጧ ሳይመጣ እዚህ መገኘት አለባት ጋሼ። ቤቱ ግን ካልተለወጠ አያቷ አታስቀምጣትም፤ እኔም ቁጭ በይ ብዬ የምፈርድባት አንጀት የለኝም።»

አሰግድ ሩቅያን ያውቃታል። የሐምዛ የልጅ ልጅ ናት። ሐምዛ ደግሞ ከእሱ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ ዛሬም ማሾውንና ሽንኩርቱን ይዞ ገበያ በወጣ ቁጥር ቁርቁራው ሥር ሳያርፍ የማይመለስ ጓደኛው ነው። ያ ቃሬዛ የወረደ ጊዜ አሰግድ ለቅሶ ደርሷል። 

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አላት።

ማቆያው እንደ ጠረጠረው ነው፦ ብሎኬት ግድግዳ፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ። አሰግድ ግቢውን ዞረ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ነካካ፤ የጥላውን መውደቂያ በጫማው ጫፍ መሬት ላይ ጫረ። ዕቃውን አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለማቅረብ እሺ አለ፤ ንድፉ የአሰግድ፣ ብየዳውና ቧንቧው የሞገስ ሆነ። ሞገስ የከተማው ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ አፉም እጁም የማያርፍ።

ሐሳቡ የመጣው ከመንገድ ዳር ነው። ቆላ ውስጥ ሰው ውሃ ለማቀዝቀዝ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋሻ ቦታ ያስቀምጣል፤ ንፋሱ ጆንያውን እያደረቀ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። አሰግድ ቤቱን እንደዚያ ጀሪካን ቆጠረው። በግድግዳው ላይ ከየአልጋው ራስጌ ትይዩ ቀዳዳዎች አስከፈተ፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ውሃ የሚጠጣ የቃጫ ምንጣፍ አስገጠመ፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቀለና ከማራገቢያ ጋር አገናኘው። ፀሐይዋ ስትበረታ ሶላሩ ይበረታል፤ ሶላሩ ሲበረታ ማራገቢያው የውጪውን አየር በእርጥቡ ቃጫ ውስጥ ስቦ አቀዝቅዞ ያስገባል። ፀሐይዋ ባነደደች መጠን ቤቱ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። አሰግድን ደስ ያሰኘው ይኸው ነበር፤ የጠላት ጉልበት ለወዳጅ ሲያገለግል ማየት።

የተከፈተ ቀን ጸደንያ ቀዳዳው ፊት ቆማ ዓይኗን ጨፍና «ደብረ ብርሃን ገባሁ!» ብላ ጮኸች። ሞገስ ደግሞ እጁን ዘርግቶ እንደ ሰባኪ ቆመ። ሁሉም አጨበጨበ። አሰግድ ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ነው፤ ባጃጅ ቢጠራ ደስታው ቶሎ የሚያልቅበት መስሎት።

የመጋቢት ሙቀት ሲጀምር ለማየት ተመለሰ። ገና ከበሩ ማራገቢያው እንደ ታነቀ ሰው ሲያቃስት ሰማ። ገባ። አንደኛው ቀዳዳ በሻሽ ተወትፏል። ሁለተኛው በሕፃን ብርድ ልብስ። ሌላው በተጣጠፈ ካርቶን። የመጨረሻውን ቀዳዳ አልጋ አቁመው በፍራሹ ደፍነውታል። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፤ ያለው የተቆለፈ ወበቅ ነው። ሴቶቹ ውጪ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የሐምዛ ባለቤት ከዲጃ አለች፤ ሩቅያን ቤቱን ልታሳይ አምጥታት ነው። የወተፈችውም እሷ መሆኗን ከአቀማመጧ ያስታውቃል።

«እትዬ ከዲጃ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ቀዳዳው ለምን ተወተፈ?»

«ቀኗን የገፋች ሴት ላብ በላብ ሆና ንፋስ አናቷ ላይ ይውረድባት? ምን በደለችህ አሰግድ?»

«ንፋስ እኮ አይደለም። የቀዘቀዘ አየር ነው።»

«ይሄዳል ወይስ ቆሟል?»

«ይሄዳል እንጂ።»

«የሚሄድ አየር አንተ አገር ስሙ ማነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። አሰግድ ስለ ላብና ስለ አየር፣ ሐኪሞችም ክፉ እንዳልሆነ እንደሚሉ አስረዳ። ከዲጃ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችው።

«ደግ» አለች። «እነሱ ሐኪሞቹ ወልደዋል? አራስ ሆነው ወገባቸውን ንፋስ ገብቷቸው ያውቃል? እኔ ገብቶኛል፤ ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ይቆረጥመኛል። ያንን ልጅ በቃሬዛ ሸኝቻለሁ፤ አሁን ደግሞ እናቲቱን በንፋስ አላስመታም። ወላሂ አላስመታም!»

ሩቅያ አንገቷን ደፍታ በጣቷ አሸዋውን ስትጭር ቆየችና ቀና አለች። «አባባ አሰግድ፣ እኔስ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ግን አንድ ነገር ብሆን የምትወቀሰው እሷ ናት።»

 ሁለቱ ሴቶች ባጃጅ ጠርተው ሄዱ። አሰግድ ባጃጁ ያስነሳው አቧራ እስኪረግብ ቆሞ አየ። ሰኔ ሩቅ አይደለም። ልጅቷ ወደዚያ፣ ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደሆነው ቀበሌ እየተመለሰች ነው።

ሐምዛ በሚቀጥለው ገበያ ቀን መጣ። ነገሩን ከሚስቱ ሰምቷል። ጥምጣሙን አውልቆ ቁርቁራው ሥር ከተዘረጋ በኋላ ሳቁን ለቀቀው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን የተማርከው አራስ ቤት ንፋስ ለማስገባት ነው?»

«አትሳቅ ሐምዛ። የምሬን ተናድጃለሁ። ሰው በጭፍን...»

«ቆይ ቆይ። ከአዲስ አበባ በምን ትመጣለህ?»

«በሚኒባስ።»

«ሲሞቅህ መስኮት ትከፍታለህ?»

«አልከፍትም።»

«ለምን?»

«ሰው ይቆጣላ።»

«ሰው ባይኖርስ? አንተና ሾፌሩ ብቻ ብትሆኑ?»

 አሰግድ ብቻውን ቢሆንም እንደማይከፍት ያውቃል። ላብ ባለበት ገላ ላይ ንፋስ ሲያርፍ ትከሻው ሳያዘው ሽቅብ ይኮማተራል፤ ዩኒቨርሲቲውም፣ ፎቆቹም፣ የሽበቱ ዘመንም ይህን ከትከሻው አላወጡለትም። ሌላ ነገርም ትዝ አለው። ታናሽ እህቱ መሲ የተወለደች ዕለት እናቱ ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ተኝታ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ይደፍናሉ። በሩ ሥር አንድ ክፍተት ቀረ። ጨርቅ አለቀ። አሰግድ የትምህርት ቤት ሸሚዙን አውልቆ ጠቅልሎ ወተፈው። እናቱ ከተኛችበት አየችውና «የኔ ጌታ፣ እናትህን ከንፋስ አዳንካት» አለችው። በሕይወቱ ከተቀበለው ምስጋና ሁሉ ያን ያህል ያኮራው የለም። ታዲያ እንዴት ረሳው? አልረሳውም ነበር፤ ሥራው በሚቀመጥበት የአእምሮው ክፍል ውስጥ ግን አላስገባውም ነበር። ትዝታን ለብቻ፣ ስሌትን ለብቻ አኑሮ ኖሯል።

«ሐምዛ» አለ፣ «የሼሁ አያትህ ቤት ዛሬም አለ?»

«የድንጋዩ? ምን ይኖራል። ልጆቼ ቆርቆሮ ይሻለናል ብለው አፈረሱት። አንድ ግድግዳ ቀርቷል፤ ፍየል እናስርበታለን።»

«ልየው።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«በዚህ ፀሐይ ነው የምፈልገው።»

አስፋልቱ እስከሚያደርስ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄዱ። ማሽላው ገና አልተዘራም፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልጅ ሳሉ በየእረፍቱ አብረው የሚመጡበት መንገድ ነበር። ያኔ እዚያ ዳገቱ ጥግ ላይ የአርጎባ አያቶች እንደሚሠሩት የተሠራ፣ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር የሚወፍር፣ ጣሪያው እንጨትና አፈር የሆነ የድንጋይ ቤት ነበር። የሐምዛ አያት ልጆቹን በላብ ተነክረው ሲመጡ ሲያዩ «ጀርባችሁን ስጡት» ይሏቸው ነበር። ሸሚዛቸውን ያወልቁና ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። ድንጋዩ ሙቀቱን ከገላቸው ቀስ ብሎ ይስበዋል። ምንም የሚነፍስ ነገር የለም፤ የመብራቱ ነበልባል እንኳ አይወዛወዝም። ሽማግሌውም ስለ ንፋስ ተቆጥተዋቸው አያውቁም፤ የሚያስቆጣ ንፋስ የለማ።

የቀረው ግድግዳ ፍየሎቹ መሀል ቆሟል፤ በአንድ በኩል የቁልቋል ጥላ ወርዶበታል። አሰግድ ጥላው ያለበትን በኩል መረጠ፤ ጀርባውን ሰጠው። ሐምዛ አየውና አጠገቡ ገብቶ ጀርባውን ሰጠ። አንዲት ፍየል ቀርባ የአሰግድን ቀበቶ አሸተተች።

«ያ ረቢ» አለ ሐምዛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ይኸው አለ እንዴ? ጣሪያው ከሄደ እንኳ?»

  አሰግድ የሽማግሌውን ድምፅ፣ የዚያን ቤት የአፈር ሽታ፣ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት የልጅ ጀርባዎችን እያሰበ ነበር። ሰው ያለፈ ቤቱን በዓይኑ ያስታውሳል ይባላል፤ እሱ ግን በጀርባው ነበር የሚያስታውሰው። እያሰበም ሳለ የልማዱን ያህል አእምሮው ስሌት ጀመረ። ይህ ድንጋይ ብርዱን ከየት አመጣው? ከሌሊት ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል፤ ቀን የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለሰው ይመልሳል። ይህን በወረቀት ሲያውቀው ዘመናት አልፈዋል። ደብረ ሲና ላይ የሠራውም የዚሁ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ቀንን ለሌሊት አስቀምጧል፤ እዚህ የሚያስፈልገው ሌሊትን ለቀን ማስቀመጥ ነው።

«ሐምዛ፣ ቀዳዳዎቹን እደፍናቸዋለሁ» አለ።

«ከዲጃ ደፍናቸው የለ?»

«እኔ ደግሞ በሲሚንቶ።»

ሚያዝያ በሥራ አለቀ። ሞገስ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን አሰግድ ፊቱን አዞረ፤ ከሥራዎቹ ሁሉ ያማረው መስሎት ነበርና። ከቆርቆሮው በላይ ጥላ የሚሆን ሌላ ሽፋን ተደረበ፤ በዚያ ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያዩ ስስ ቱቦዎች ተዘረጉ። ግቢው ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ተቀበረ። በግድግዳውና በኮርኒሱ ላይ ደግሞ ቱቦ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ተለጠፈና በላዩ ወፍራም ልስን ተለሰነ። ማታ፣ ቀን በሶላሩ የተሞላው ባትሪ ውሃውን ወደ ጣሪያ ያወጣዋል፤ እዚያ ሲዞር አድሮ ቀዝቅዞ ይወርዳል። ቀን ሶላሩ ራሱ ያንኑ ውሃ በግድግዳው ውስጥ ያዞረዋል። ለትንፋሽ መውጫ ከሰው ራስ በላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ጠባብ ክፍተት ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ አልገባኝም» አለ ሞገስ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ውሃዋን ማታ ማታ ጣሪያ ላይ እናሳድራታለን?»

«አዎ። ከብት ቀን ይሰማራል፤ የኛዋ ማታ ትሰማራለች።»

«ጅብ ቢበላብንስ?»

«ጅብ ጣሪያ ላይ ከወጣ እሱንም እናቀዘቅዘዋለን።»

ጸደንያ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። «ጋሼ፣ ያኛው እኮ እንደ ደብረ ብርሃን ነበር። ይህ ዝም ይላል» አለችው። እውነቷን ነው፤ አዲሱ ቤት ሲገቡበት ፊት ላይ የሚያርፍ ነገር የለውም። እየቆዩ ነው የሚታወቀው፤ ላብ መጥፋቱን፣ ትንፋሽ መርዘሙን ሰው ቆይቶ ነው የሚያስተውለው። ክረምት ሲገባ ደግሞ አየሩ ስለሚረጥብ በግድግዳው የሚዞረውን ውሃ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ኮርኒሱ ያልበዋል። አሰግድ ይህንን ለጸደንያ ደጋግሞ አስተማራት፤ እሱ ሁልጊዜ አይኖርም።

ግንቦት መጣ። የከተማው አስፋልት ሲለሰልስ፣ የባጃጅ ነጂዎቹ መቀመጫቸው ላይ ካርቶን ሲያነጥፉ፣ ሽንኩርት ጫኝ አይሱዙዎች ከጥላ ሳይወጡ ሲውሉ፣ አሰግድ በየቀኑ ጤና ጣቢያው በር ላይ ዓይኑን ይጥላል። ሌሎች ሴቶች መጡ፤ ሰነበቱም። ሩቅያ ግን አልመጣችም። ጸደንያ በስልክ፣ በሰው፣ በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ላከች። ከዲጃ «ንፋሱ ወጥቷል ይላሉ፤ እውነት መሆኑን አላህ ይወቅ» ብላ መለሰች አሉ።  አሰግድ ሐምዛን ልጅቷን አምጣ ብሎ ለማስገደድ አሰበና ተወው። ጓደኛው በሬውን ቢያዝዝ እንጂ ከዲጃን ማዘዝ እንደማይችል ያውቃል፤ እሱም ቢሆን ሴትዮዋ እንድትሸነፍለት ሳይሆን እንድታምነው ነበር የፈለገው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ ባጃጅ ቆመ። ከዲጃ ወረደች፤ ቀጥላ ሩቅያ ሆዷን ይዛ፤ በመጨረሻ ሐምዛ የክረምት ብርድ ልብስ ተሸክሞ።

«ይህ ለምንድን ነው?» አለ አሰግድ።

«ለንፋስህ ነው» አለች ከዲጃ። «ቀድመህ አትደሰት፤ አይቼ እመለሳለሁ።»

ገባች። መካከሉ ላይ ቆማ ዞረች። ከሻሿ ጠርዝ አንድ ክር መዘዘች፤ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቀድሞ ቀዳዳ ወደነበረበት ግድግዳ ቀረበች። ክሩ ዝም አለ። ወደሚቀጥለው ሄደች። ክሩ ዝም አለ። አልጋ ሥር ጎንበስ አለች፤ የበሩን ማጠፊያ ፈተሸች፤ የራስጌውን ጥግ ሁሉ አዳረሰች። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩዋታል፤ ጸደንያ በሩ ላይ ከንፈሯን ነክሳለች። ክሩ ከጣቷ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የሚነካው ነገር የለም።

ከዲጃ ክሩን ዝቅ አድርጋ የግራ እጇን መዳፍ በመጠራጠር ግድግዳው ላይ አሳረፈች። አላነሳችውም።

«አሰግድ» አለች ሳትዞር።

«አቤት እትዬ ከዲጃ።»

«ታዲያ ብርዱ በየት በኩል ገባ?»

«ትናንት ማታ ነው የገባው።»

ዞራ አየችው፤ ሊቀልድባት እንደሆነ ፊቱን መረመረች። ከዚያ ወደ ሩቅያ ተመለሰች። «ነይ ልጄ» አለች፣ «ይህችን ጥጓን ያዢ፤ ጀርባሽን ስጪው።» ብርድ ልብሱን ግን ወደ ቤት አልመለሰችውም። ደግም አደረገች፤ ሁለት ሌሊት እንደ አደሩ ሩቅያ ጎህ ሲቀድ በርዶኛል ብላ ለበሰችው። ጸደንያ ይህን ወሬ በከተማው ውስጥ ያልነገረችው ሰው አልነበረም፤ በሸዋ ሮቢት፣ በግንቦት፣ የበረዳት ሴት!

ምጡ በሰኔ መጀመሪያ አንድ ጠዋት መጣ። ሩቅያ ከማቆያው እስከ ማዋለጃው ያለውን ግቢ በራሷ እግር ተሻገረች፤ ከዲጃ በአንድ በኩል፣ ጸደንያ በሌላው። ያ ቃሬዛ የሄደበት መንገድ በሙሉ ወደዚያች አጭር ግቢ አጠረ። ከሰዓት በኋላ አሰግድ ሲደርስ ሴት ልጅ ተወልዳ፣ ሩቅያ ወደ ማቆያው ተመልሳ ከግድግዳው ጥግ ተኝታ ነበር። ሕፃኗ ጡት አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷታል። ውጪ የጎረቤት ቆርቆሮ በፀሐዩ «ቋ!» አለ። አሰግድ ድምፁን ሲሰማ እናቱ አጠገቡ የቆመች መሰለው፤ በሉ፣ መጥበሻው ጋለ የምትል።

ሐምዛ ከወዲያ ማዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጥምጣሙ ጭኑ ላይ ነው። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ዓይኑን ጨፍኗል። አሰግድ አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ቀጥሎ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጠ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«አላህ ያክብርልኝ» አለ ሐምዛ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አንተ፣ የአፈሩ ሽታ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ልስኑ አዲስ ነው። ቆይቶ ይመጣል።»

«እስከዚያ እኛ መች እንቆያለን?»

«እሷ ታሸተዋለች» አለ አሰግድ ወደ ሕፃኗ እየጠቆመ።

 ግድግዳው ድንጋይ አይደለም፤ ሽማግሌውም የለም፤ ያ ቤት ዳግም አይቆምም። ጀርባቸው ግን ልዩነቱን እያወቀም ቢሆን ደስ ብሎት ነበር። የሐምዛ ጭንቅላት ወደ አሰግድ ትከሻ ዘንበል ሲል በሩ ተከፈተና ከዲጃ የገንፎ ሳህን በነጠላ ሸፍና ገባች።

«ኧረ ጉድ!» አለች። «ሁለት ሽማግሌ አራስ ቤት ተጋድሞ! ተነሱ፣ ውጡልኝ! በሩንም ዝጉት፤ ንፋስ እንዳይገባ!»

እየተጋገዙ ተነሱ። ሐምዛ ጥምጣሙን እየጠመጠመ ቀድሞ ወጣ። አሰግድ በሩን በቀስታ ገጠመው፤ ከዚያ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና በበሩ ሥር ክፍተት እንዳልቀረ አየ።